ያረጀ መኪና ለምን ከጋራዥ አይወጣም?

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ምሬት ተመሳሳይ ነው። ዛሬ የውሃ ፓምፕ ይቀየራል፤ በሳምንቱ ቺንጊያ ይበጠሳል፤ በወሩ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩ ደግሞ መለዋወጫውን። ለመሆኑ ሳይንስ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል?

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ተደጋጋሚ ብልሽቶችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው የተለያዩ ክፍሎች ተራ በተራ የሚበላሹበት ነው። ለምሳሌ አንድ መኪና ያረጁ 50 ክፍሎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ወር ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ብቻ ይሁን፤ የአንዱም ብልሽት በሌላው ላይ ተጽዕኖ አያሳድር። ወሩ ያለ አንዳች ብልሽት የማለፉ ዕድል 0.98ን 50 ጊዜ እርስ በርሱ በማባዛት ይገኛል፤ ውጤቱም 0.36 ገደማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ክፍል የመበላሸቱ ዕድል 64 በመቶ ይሆናል። አንዱን ክፍል ፈጽሞ በማይበላሽ አዲስ ዕቃ ብንተካ እንኳ ዕድሉ ወደ 63 በመቶ ብቻ ዝቅ ይላል። እንግዲህ መካኒኩ ሥራውን በሚገባ ቢሠራም መኪናው በወሩ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ያው ብልሽት ደጋግሞ የሚመጣበት ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ምልክቱ እንጂ መንስኤው አለመጠገኑን ነው። የሞተር መሞቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ግፊቱን በ0.9 ባር ቢጨምር የውሃው መፍያ ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሞላው ሲላላ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። መኪናው ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበቱን ሲወጣ ውሃው መፍላት ይጀምራል። ባለቤቱ ውሃ ይጨምራል፤ ከውሃው የሚቀረው የካልሲየም ዝቃጭ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ይለጠፋል። ይህ ዝቃጭ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም መቶ እጥፍ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሊጎብጥና ጉርኒሲዮኑን ሊያበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው ሾልኮ ሞተሩን መልሶ ያሞቀዋል። ጉርኒሲዮኑ ብቻ ተቀይሮ የቴስታታው ገጽ ተልጎ ካልተስተካከለ፣ ክዳኑና ራዲያተሩም ካልተመረመሩ፣ ያው ጥገና እንደገና መምጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መለካት ይቅደም። የክዳኑ ግፊት በመሣሪያ ይፈተሽ፤ የቴስታታው ገጽ በቀጥ ያለ ብረት ይታይ፤ እያንዳንዱ ጥገና ከነቀኑና ከነወጪው በደብተር ይመዝገብ። መዝገቡ ያው ክፍል ደጋግሞ መበላሸቱን ካሳየ መንስኤው ሌላ ቦታ ይፈለግ፤ በየወሩ ሌላ ሌላ ክፍል ከሆነ ግን የዓመቱን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል።