ዳገት ላይ አልስብ ያለ መኪና

ጤፍ ጭኖ ከሞጣ የተነሳ አይሱዙ ሕመም ቢኖርበትም ደብረ ወርቅንና ቢቸናን አልፎ ደጀን እስኪደርስ ላያሳይ ይችላል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ስለሚገፋው ጭራሽ አይታወቅበትም። ጉዱ የሚወጣው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲጀምር ነው። ከወንዙ እስከ አፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይስብም። ማርሽ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ “ፓምፑ ሞቷል” የሚል ነው። በዚህ ፍርድ ስንት ደህና ፓምፕ ተፈቷል! የናፍታ ፓምፕ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጉልበት ሲጠፋ ግን በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው እሱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የአገሩን ከፍታ ከሂሳቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቢቸናም ሞጣም ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው በወረቀት ካሰፈረው ጉልበት ሩብ የሚጠጋው እዚህ አገር ላይ የለም። ይህ ብልሽት አይደለም። መኪናው ትናንት በወጣው ዳገት ዛሬ ከደከመ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለዚህ ለሳሳ አየር መልስ የሆነው ቱርቦ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣ። ተራራው ከእኛው የጮቄ ተራራ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ከታች 350 ገደማ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አናቱ ላይ ወደ 230 ገደማ ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን የጎደለውን መለሰ። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ከእሱ የሚነሳው ጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ ዳገት ላይ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጉልበቱም በአንድ ጊዜ ይከዳል። ይህን ለመጠገን ብዙ ጊዜ ከአንድ ማሰሪያ በላይ አያስፈልግም።

ለናፍታ መኪና ጭሱ ትልቁ ምስክር ነው። ጉልበት ጠፍቶ ጥቁር ጭስ ከበዛ ነዳጁ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው አየር ነው። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ ደግሞ ነዳጁ ራሱ አልደረሰም። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ይህን ብቻ ያስተዋለ ሾፌር ለመካኒኩ ግማሽ ቀን ያተርፍለታል።

በእኛ አካባቢ የአየር ጉድለት ዋና ምክንያት አቧራ ነው። በመኸር ወቅት በገጠሩ ጠጠር መንገድ እህልና ገለባ ሲያመላልስ የሚከርም መኪና ከአቧራው ሌላ እብቅም ይምጋል። የአየር ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል። ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ማየት ነው፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ መቀየር አለበት። በአየር ሲነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከራቅ ብሎ መሆን ይገባዋል። ድንጋይ ላይ የተደበደበ ወረቀት ይቀደዳል። “ያለ ፊልትሮ ይሻላል፣ ይስባል” ብሎ ማሽከርከር ደግሞ አቧራውን በቀጥታ ለፋሻና ለፒስቶን ማብላት ነው፤ በፊልትሮ ዋጋ የሚያልቀው ነገር ሞተር ማውረድ ይሆናል።

የጎደለው ነዳጅ ሲሆን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የነዳጅ ፊልትሮው ነው፤ በተለይ በጀሪካን የተቀዳ ናፍታ ሲገባ። ውሃና ዝቃጭ አብሮ ይመጣል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ቡሎን አላልቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፑ አየሩን ማስወጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። መኪናው እየሄደ ቀስ በቀስ ደክሞ ሲጠፋ፣ ጥቂት ቆሞ ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚሄድ ከሆነ በታንኩ ውስጥ መምጠጫውን የሚደፍን ቆሻሻ ሊኖር ይችላል፤ ሲቆም ይረጋል፣ ሲሄድ ይሳባል። የታንኩን ክዳን ስትከፍቱ አየር “ሽው” ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና መኪናው ከዳነ ደግሞ የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው።

የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነት የማይጨምር መኪና ከሞተር ሕመም የራቀ ነው፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የተቃጠለ ሽታው ይነግራችኋል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬን ይዞት ነው። ቤንዚን በሚጠቀሙት ላይ ካንዴላ ይታያል፤ በዳሽቦርዱ የሞተር መብራት በሚበራባቸው መኪኖች ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ያን መብራት በማሽን ማጥፋት ጥገና አይደለም።

አንድ ልማድ በግልጽ ልቃወም። መኪናው ዳገት ከበደው ተብሎ ፓምፑ ላይ ናፍታ እንዲበዛ ይደረጋል። ለጥቂት ቀን የሳበ ይመስላል። አየሩ ያልበቃው ነዳጅ ግን ጭስና ግለት ይሆናል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ መጨረሻው የተቃጠለ ፒስቶን ነው።

ዓባይ ዳገት ላይ ጉልበት የከዳችሁ ሾፌሮች አትታገሉት። የአደጋ ምልክት መብራቱን አብሩ፣ ከመታጠፊያ ርቃችሁ ዳር ያዙ፣ ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ኋላ ያድርግ። ሞተር ሲጠፋ መሪ እንደሚከብድ፣ የፍሬን እገዛም እንደሚቀንስ አትርሱ። ጋራዥ ስትደርሱም “ፓምፑ ነው” አትበሉ። ጭሱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ በድንገት ይሁን ቀስ በቀስ እንደጀመረ፣ ከቆመ በኋላ ይሻለው እንደሆነ፣ ነዳጁን ከየት እንደቀዳችሁ ለመካኒኩ ንገሩት።