መስከረም ሲጠባ ጓሮዎን አይተዋልን?

ዝናቡ እያባራ፣ ሰማዩ እየጠራ፣ ሜዳውና የአጥሩ ሥር አደይ አበባ ለብሶ ሲታይ ክረምቱ መሰናበቱን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ከደጃፍ ሲቆሙ የአዲሱ ዓመት ደስታ ወደ ቤታችን ይገባል። ታዲያ እመቤት፣ ልጆቹን ሸኝተው በሩን ከመዝጋትዎ በፊት ወደ ጓሮውም ብቅ ብለው አይተዋልን?

በብዙ ቤቶች ጓሮው የሚታወሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በክረምት ጎመኑ ብዙም ሳይለፉለት ይንዠረገጋል። መስከረም ከገባ በኋላ ግን የበቆሎው እሸት ተበልቶ አገዳው ባዶውን ይቆማል፤ አረሙ ዘር ይይዛል፤ ኅዳር ላይ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ዘንቢሏን አንጠልጥላ አንዲት እስር ጎመን ፍለጋ ገበያ ትወርዳለች። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከገበታው ቶሎ የሚቀረው አትክልቱ ነውና ጉዳቱ በልጆች ላይ ያርፋል። ካሮትና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ሰውነት ቫይታሚን ኤ የሚያገኝባቸው ምግቦች ናቸው። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ሕፃናትን ለዳፍንት ይዳርጋል።

ስለዚህ አፈሩ እርጥበት ሳለው ሥራውን ይጀምሩ። በቅድሚያ አረሙን ዘሩ ሳይረግፍ ይንቀሉ። ዘር ያልያዘውን ከድንችና ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በጉድጓድ ቢያጠራቅሙት በጥቂት ወራት ውስጥ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።

የጎመን ችግኝ 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እያራራቁ ይትከሉት። ካሮት ግን ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት ሥሩ ይጣመማል፤ ዘሩን በዚያው በመደቡ ላይ ዘርተው ሲበቅል ያሳሱት። ቲማቲም በክረምት እርጥበት በበሽታ ይጠቃልና የሚስማማው ከዝናብ በኋላ ነው። ሲያጠጡት ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ያርጥቡ። የሚኖሩት በደጋ ከሆነ ውርጩንም አይዘንጉ፤ ለጋ ችግኞችን ማታ ማታ በሣር ይሸፍኑ።

ዝናቡ ከቆመ በኋላ ውኃ ከየት ይመጣል ይሉ ይሆናል። ጎመንና ድንች ያጠቡበትን ውኃ አይድፉት፤ ለአንድ መደብ ይበቃል። በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ቢጎዘጉዙ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። በአሮጌ ጣሳና በጎማ ውስጥ የተኛውን የዝናብ ውኃ ግን ይድፉት፤ ትንኝ ይራባበታል።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሸከሙት። ቡናው ተፈልቶ፣ እንጀራው ተጋግሮ፣ ልብሱ ታጥቦ ጓሮው ሲጨመር የእናት ጉልበት አይችለውም። ለወንዱም ለሴቷም ልጅ አንዳንድ መደብ ያካፍሏቸው፤ አባትም በዕረፍቱ ቀን ዶማውን ያንሣ። ጎመን አልበላም ብሎ የሚያስቸግር ልጅ እንኳ ራሱ ያጠጣውን በጉጉት ሲቀምስ ይታያል።

አደይ አበባ ጥቂት ሳምንታት ታይቶ ይረግፋል። የመስከረምን ሁለት ቅዳሜዎች ለጓሮዎ ከሰጡ ግን፣ ሜዳው ደርቆ በሚታይበት በታኅሣሥ ልጆችዎ ካሮት ነቅለው ወደ ወጥ ቤት ይዘውልዎት ይመጣሉ።