ያውቁ ኖሯል? ኖራው ሳይደርቅ

ፍሬስኮ በሚባለው የግድግዳ ሥዕል፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ሙጫ፣ እንቁላል ወይም ዘይት የለም። ሠዓሊው በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ቀለም ገና እርጥብ በሆነ የኖራ ልስን ላይ ይቀባል። ኖራው ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ቀለሙንም እንደያዘ ይጠነክራል። ሥዕሉን ማጥፋት ወይም ማረም የፈለገ ልስኑን መፈንቀል አለበት።

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው በጥንቱ የግንባታ ሕግ ሥራ ተቋራጭ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ መጠቀም አይፈቀድለትም ነበር። (ዛሬ እንዲህ የሚታገሥ ተቋራጭ ቢገኝ እሱ ራሱ ለዚህ ዓምድ ይበቃ ነበር።)

የሚለሰነው በዚያው ቀን ተሥሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው፤ ማታ የተረፈው ተቆርጦ ይጣላል። የየዕለቱ ልስን የሚጋጠምበት መስመር ስለማይጠፋ ባለሙያዎች ከመቶ ዓመታት በኋላም ሥዕሉ ስንት ቀን እንደፈጀ ይቆጥራሉ። በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ እግዚአብሔር ብርሃንን ከጨለማ ሲለይ የሚታይበትን ክፍል ማይክል አንጄሎ በአንድ ቀን እንደጨረሰው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ያው ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሣለው ቆሞ እንጂ ተንጋሎ አይደለም። በጀመረ ሰሞን ልስኑ ሻገተበትና ሥራውን ሊተወው ነበር። ኖራው ውሃ በዝቶበት እንደሆነ ነግሮ ያረጋጋው አርክቴክቱ ሳንጋሎ ነው ሲል የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ኮንዲቪ ይተርካል።

የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ፍሬስኮ አይደለም። ሊዮናርዶ ዝግ ብሎ እያሰበ፣ እየደረበና እየለወጠ መሥራት ይወዳል፤ ኖራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ሚላን ውስጥ ደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለ። ዋጋውን ግን ሥዕሉ ከፈለ፤ ሠዓሊው ገና በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ። በ1652 ደግሞ ግድግዳው ተቆርጦ በር ሲወጣለት የክርስቶስ እግሮች አብረው ተቆረጡ። በ1943 ሕንፃው በቦምብ ሲመታ ግን በአሸዋ ከረጢት የተደገፈው ግድግዳ ቆሞ ቀረ። በ1999 የተጠናቀቀው እድሳት ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል፤ ሥዕሉን ለመሣል ከወሰደው ጊዜ ብዙ እጥፍ ማለት ነው።

ከኖራ ጋር የማይስማማ ቀለምም አለ፦ አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ። ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ስለሚቀባ ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው። በጣሊያኗ ፓዱዋ ሠዓሊው ጆቶ በ1305 ገደማ በጨረሰው ጸሎት ቤት የእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ በብዙ ቦታ የነጣው ለዚህ ነው።

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የግድግዳው ሥዕሎችስ? እነሱም ፍሬስኮ አይደሉም፤ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው።

የሲስቲን ጣሪያ በ1980ዎቹ ሲጸዳ ወጪውን የሸፈነው አንድ የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ በምላሹ ሥራውን የመቅረጽ ብቸኛ መብት አገኘ። ከጥቀርሻው ሥር ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማ ብቅ ሲል ተቺዎች «ማይክል አንጄሎ ልስኑ ከደረቀ በኋላ የደረበው ጥላም አብሮ ታጠበ» ብለው ጮኹ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም፤ የታጠበ ነገር ደግሞ አይመለስም።

ማደስ መገመትም ነው። በቀርጤስ ደሴት፣ በክኖሶስ ቤተ መንግሥት የተገኘው ስብርባሪ ፍሬስኮ በአርኪዮሎጂስቱ አርተር ኢቫንስ ዘመን ሲገጣጠም ሳፍሮን የሚለቅም ልጅ ተደርጎ ተሣለ። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ጅራቱን አስተዋሉ፤ «ልጁ» ለካ ሰማያዊ ጦጣ ኖሯል!

በሐምሌ 1944 በፒሳ ካምፖሳንቶ የመቃብር ሕንፃ የመድፍ እሳት ጣሪያውን አቃጥሎ የተሸፈነበትን የእርሳስ ብረት በፍሬስኮዎቹ ላይ አቀለጠው። የተረፉት ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎባቸው ከግድግዳ ተላጡ፤ ከሥራቸውም ሠዓሊዎቹ መጀመሪያ በቀይ አፈር የነደፉት ንድፍ ተገኘ፤ ዛሬ የራሱ ሙዚየም አለው። ሙጫው ግን ከአሥርት ዓመታት በኋላ ጠጥሮ አልለቅ አለ። መፍትሔው ባክቴሪያ ሆነ፦ ፕሱዶሞናስ ስቱትዘሪ በጥጥ ተደርጎ ሥዕሉ ላይ ተለጠፈ፤ በሰዓታት ውስጥም ሙጫውን በላው፣ ቀለሙን ሳይነካ።