የስልክ ሽልማትና የመምህር ፊት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ፥ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፥ የእጅ ስልክ ዛሬ ከልጆች እጅ ገብቷል። ልጁ ፊደሉን በትክክል ሲነካ ስልኩ ኮከብ ይሰጠዋል፥ ያጨበጭብለታል፤ ወላጆቹም ልጃችን ተማረ ብለው ደስ ይላቸዋል። እኛም ትምህርት በማናቸውም መንገድ ቢስፋፋ ደስታችን ነው። ነገር ግን ልጁ የወደደው ፊደሉን ነው ወይስ ኮከቡን? ይህን መመርመር የወላጅ ፈንታ ነው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር እርግብን በጥሬ እየሸለመ ልዩ ልዩ ሥራ አስለምዶ ነበር፤ በ1954 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ተማሪው በትክክል መመለሱን ወዲያው የሚያስታውቅ የማስተማሪያ መሣሪያ አሳየ። ስሕተት ቶሎ ሲታወቅ ቶሎ ይታረማልና፥ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሌፐር፥ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ሊቃውንት በ1973 ባወጡት ጥናት፥ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት «ብትሥሉ ትሸለማላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፥ ሽልማቱ ሲቀር ለሥዕል ያላቸው ፍቅር ቀንሶ ተገኘ። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልጎደለም።

እንደዚሁም በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን 12 ጊዜ የቻይና ቋንቋ አሰሟቸው። ከሰው ፊት ተቀምጠው የሰሙት የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ፤ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተመለከቱት ግን አልተማሩም።

የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ዝነኛ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም የጎበጠውን ያቃናለታል፥ ምሥጢሩ ሲያምር ያመሰግነዋል። ስልክ የሚያውቀው ጣት ያረፈበትን ስፍራ ነው፤ መምህር ግን ነገሩ ገብቶት እንደ ሆነ ከተማሪው ፊት ያነባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ስልኩን ከልጁ ንጠቁ አንልም። ሲማርበት አብራችሁት ተቀመጡ፤ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እርሱም መልሶ ያስተምራችሁ። ከሥራ ደክመን ስንገባ ዝም እንዲልልን ብቻ ስልኩን የሰጠነው እንደ ሆነ ግን፥ ፊደል በመቁጠር ፈንታ ኮከብ ሲቆጥር ያድጋል።