2013 ዓ.ም. ከወረታ መገንጠያ ሲታይ

የዓመት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዓመቱን በየዘርፉ መክፈል ይቀናቸዋል፤ ፖለቲካው ለብቻው ይተረካል፣ ስፖርቱ የራሱ ምዕራፍ ይሰጠዋል፣ ኪነ ጥበቡ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ገጾች ይሰፍራል። 2013 ዓ.ም. ግን ለዚህ ዓይነቱ አከፋፈል የማይመች ዓመት ነበር፤ ምርጫው፣ ጦርነቱ፣ የእግር ኳሱ ዋንጫና የኦሊምፒኩ ሜዳሊያ እርስ በርስ ተጠላልፈው አልፈዋልና። ይህ መጠላለፍ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ወረታ ናት።

ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ የምትገኘው ወረታ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ከሚደርሰው መንገድ ጋር የሚገናኝባት መገንጠያ ናት። ይህን የምሥራቅ መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን በመሆናቸው ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» እያለ ይጠራዋል። ሜዳው ራሱ በክረምት በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጥለቀለቅ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ያስተዋወቁት ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ወደ ሀብት ለውጦታል፤ ዛሬ በአካባቢው ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል፣ ለጠላና ለአረቄ ይገባል፣ ገለባውም በወተቱ ለሚታወቀው የፎገራ ከብት ይቀርባል።

ለዚህ አካባቢ የዓመቱ ታላቅ የስፖርት ዜና ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን መሆኑ ነበር። ይሁን እንጂ በኮሮና ምክንያት ሊጉ ክለቦች በየሜዳቸው የሚጫወቱበትን ሥርዓት ትቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ስለተካሄደ፣ ጎንደር የራሷን ሻምፒዮን በፋሲለደስ ስታዲየም የማየት ዕድል አላገኘችም። ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩት በዚያው ዓመት በመሆኑ፣ ደጋፊው ቡድኑን በብዛት የተከታተለው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ በማስቆጠር አዲስ ክብረ ወሰን ያስመዘገበውም ያኔ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታለፍ የማይገባው የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ነው። ጥቅምት 24 በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ የትግራይ ክለቦች ባለመሳተፋቸው ሊጉ በ13 ቡድኖች ብቻ ተካሄደ፤ የ2012 ውድድር ተሰርዞ ስለነበር፣ በመጨረሻ ዋንጫ ያነሣው የ2011 ሻምፒዮን መቀሌ 70 እንደርታ ዋንጫውን ለማስጠበቅ ሜዳ አልገባም። ይህ የፋሲልን ብቃት የሚያሳንስ አይደለም፤ ነገር ግን የዓመቱን የእግር ኳስ ታሪክ ከጦርነቱ ነጥሎ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ከ2012 የተላለፈው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን የተካሄደው የፎገራ ገበሬ በእርሻና በዘር በተወጠረበት ወር ነው። የምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ይፋ ባደረገው ውጤት ብልጽግና ፓርቲ 410 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችን ሲያሸንፍ፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ ኢዜማ ደግሞ 4 አግኝተዋል። በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም። ሐምሌ 12 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሁለተኛ ዙር ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረ፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ወደዚያው ግድብ የሚወርድ ስለሆነ፣ ርብና ጉማራ የሚገብሩት ውኃም የዚህ ዜና አካል ነው።

በአትሌቲክሱ መስክ ለተሰንበት ግደይ መስከረም 27 ቫሌንሲያ ላይ የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:06.62 በሆነ ጊዜ፣ ሰኔ 1 ደግሞ ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትሩን በ29:01.03 ሰብራለች፤ ሁለተኛውን የነጠቀችው በዚያው መሮጫ ላይ ከሁለት ቀን በፊት ካስመዘገበችው ከትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሲፋን ሐሰን ነበር። ሐምሌ 23 ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በዚያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ካገኘቻቸው አራት ሜዳሊያዎች ወርቁ ይህ ብቻ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኦሊምፒኩ ገና ሳይጠናቀቅ፣ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ወደ ላሊበላ የሚያስገባው መንገድ የሚነሣው በቻይና መንገድ ላይ ካለችው ጋሸና ሲሆን፣ በነሐሴ ውጊያው በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ እየገፋ ጋይንት ደረሰ፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከጦር ግንባሩ ወደ ባሕር ዳር ለሚሸሽ ሰው መተላለፊያው ወረታ ነበር።

የባህሉ ዘርፍ በአመዛኙ የመርዶ ዓመት አሳልፏል። የአምሃ ሬከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ ሚያዝያ 22፣ ከአሳታሚው ቀደምት ድምፃውያን አንዱ የነበረው አለማየሁ እሸቴ ደግሞ ነሐሴ 27 አረፉ። በመካከሉ፣ ሰኔ 3፣ በሚኒሶታ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎችን በዝርዝር እየመዘገቡ ለተመራማሪዎች ያበቁት የግዕዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሞቱ፤ ምርጫው፣ ግድቡና ጦርነቱ በሞሉት ክረምት የእኚህ ሊቅ ሞት የሚገባውን ያህል ቦታ አግኝቷል ለማለት አይቻልም።

ዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሲዘጋ ከጉዳዮቹ አብዛኞቹ አልተዘጉም ነበር። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች ድምፅ የሰጡት በመስከረም 2014 ሲሆን፣ አዲሱ መንግሥት የተመሠረተው መስከረም 24 ነው፤ ዋልያዎቹ መጋቢት 21 ያለፉበት የአፍሪካ ዋንጫም በካሜሩን የተካሄደው በዚያው በ2014 ነው። ጦርነቱ ደግሞ በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው በ2015 ጥቅምት ነው።