«ሥዕላችሁን ላኩ» የሚለው ማስታወቂያ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል?

ባለፈው ዓመት በአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሥዕልም ሆነ ሌላ የእጅ ጥበብ ያላችሁ፥ ጥራት ባለው ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ከነስማችሁ ላኩ» የሚል አጭር ቃል ተለጥፎ ነበር። አንዲት የመካነ ሰላም ልጅ የሆነች ጓደኛዬ እናቷ የሰፉትን ሞሰብ አንሥታ ላከች። ትርዒቱ ሲከፈት ከሞሰቡ ሥር ተጽፎ የተገኘው የጓደኛዬ ስም ነው። እናትየዋ ለገበያ በመጡ ጊዜ ልጃቸው ወስዳ አሳየቻቸው፤ ጽሑፉን ስታነብላቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ አለችኝ።

ጥፋቱ የላኪዋ ነው ለማለት አይቻልም። ማስታወቂያው «ከነስማችሁ» አላት፥ እርሷም ስሟን ጻፈች። የሠሪው ስምና የላኪው ስም ሁለት ነገር መሆናቸውን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አላሰበውም። የመመሪያ ድካም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ጸሐፊው በልቡ ያለውን ሁሉ አንባቢው የሚያውቅ ይመስለዋል።

«ጥራት ባለው» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። ጥራት ምን እንደ ሆነ ካልተነገረው ሰው የሚልከው በቀትር ፀሐይ የተነሣ፥ ግማሹ ጥላ፥ ግማሹ ነጭ የሆነ ሥዕል ነው። ይልቅስ ሥዕሉን ከመስኮት አጠገብ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ስፍራ አቁሙት ቢባል ሁሉም ይገባዋል። የስልኩ ብልጭታ በዘይት ቀለም ላይ ስለሚያንጸባርቅ ይጥፋ። ስልኩ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ዘንበል ካለ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። አንድ ነጭ ወረቀት ከጎኑ ቢቀመጥ ቀለሙ መለወጥ አለመለወጡ በኋላ ይታወቃል። ሞሰብ ግን ሥዕል አይደለምና ከጎንም ከላይም መነሣት አለበት፤ ትልቅነቱ እንዲታወቅም አጠገቡ አንድ ሲኒ ማኖር ይበቃል። በቴሌግራም የሚልክ ሰው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ መጠኑ ስለሚቀነስ የስፌቱ ዝርዝር ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከምስሉ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ካለችው ከመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል «ኵርዓተ ርእሱ» የሚባለው፥ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል አንዱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ይህንን ሥዕልና ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። መጽሐፉ በብሪቲሽ ሙዚየም ተመዝግቦ ስለ ነበረ ተገኝቶ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን አልተገኘም የሚል ነበር። በእውነቱ ሙዚየሙ ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። ፎቶግራፉ በአንድ የጥበብ መጽሔት ላይ የታተመው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። «ይህ ዕቃ አሁን በማን እጅ ነው?» የሚለው መስመር ትንሽ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን መስመሩ ሁልጊዜ ለሕዝብ ይገለጥ ማለቴ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ ቦታው በመዝገብ ይጻፍ እንጂ ለሌባ መንገድ ጠቋሚ እንዳይሆን ለአላፊ አግዳሚው አይነገር። ከማንሣት በፊትም ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ይገባል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው እዚያው ይቅር።

ስለ ፈቃድ ካነሣን፥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው መብት የሠሪው ነው፤ ስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ መብትም አለው። ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ ይህን መብት አልገዛም። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፥ እኔም እስከ አምና ድረስ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ማስታወቂያው እንዲህ ቢባል እላለሁ፦ «የሠራው ሰው ስም ከነአባቱ ማን ነው? አንተ ላኪው ለእርሱ ምኑ ነህ? እንዲታይ ፈቅዷልን? ከምን ተሠራ? ቁመቱና ስፋቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? መቼ ተሠራ? አሁን በማን እጅ አለ? ያላወቅኸውን አላውቅም ብለህ ጻፍ እንጂ ባዶ አትተወው።» የአነሣሡ ነገር ከዚህ በኋላ ይከተል፤ መጥፎ ፎቶግራፍ ዳግመኛ ይነሣል፥ ሠሪው ካለፈ በኋላ ግን ስሙን የሚነግረን አይገኝም።

ይህን ረቂቅ ለጓደኛዬ ሰጥቼ፥ ምንም ሳልነግራት አጠገቧ ተቀመጥሁ። የእናቷን ስም በመጀመሪያው መስመር ጻፈች። ሴንቲ ሜትሩ ላይ ስትደርስ ሞሰቡ ክብ ስለ ሆነ ስፋቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ግራ ገባት። ጥቂት ቆይታም «አክርማው በምን እንደ ተነከረ አልተጠየቀም፤ እናቴ የምትመካው በእርሱ ነው» አለችኝ። ሁለቱንም አስተካክያለሁ።