የአክሲዮን ማኅበር ኃላፊዎች ክፍያ እና የባለአክሲዮኖች የመጠየቅ መብት

ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻቸው ሲቀንስ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ማኅበሩ ለኃላፊዎቹ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምላሽ እንዲያገኝ ግን ክፍያውን የወሰነውን አካል አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላትን የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ክፍያቸውም የሚወሰነው በዚሁ ጉባኤ ነው። በባንኮች ረገድ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለቦርድ አባላት ክፍያ በመመሪያ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ቆይቷል። ዋና ሥራ አስፈጻሚውን የሚሾመው ግን ቦርዱ ነው፤ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙም በቦርዱ በኩል ያልፋል። ባለአክሲዮኑ በዚህ ክፍያ ላይ ያለው ተጽዕኖ በአብዛኛው ተዘዋዋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደመወዝና ቦነስ በወጪነት ስለሚመዘገቡ፣ ለጉባኤው የሚቀርበው የተጣራ ትርፍ እነዚህ ከተቀነሱ በኋላ ያለው ነው። ለአብነት 100 ሺህ አክሲዮኖች ያሉት ማኅበር 2 ሚሊዮን ብር ቦነስ ቢከፍል፣ ግብር ሳይታሰብ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 20 ብር ወጪ ሆነ ማለት ነው። ከፍተኛ ክፍያ ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ብቁ ሥራ አስኪያጅን በክፍያ ማነስ ማጣት የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል። ትርፍ ባሽቆለቆለበት ዓመት ያደገ ቦነስ ግን ማብራሪያ ይሻል።

ለዚህ ጠቃሚው ሰነድ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፈው የሒሳብ መግለጫ ማብራሪያ ነው። በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ማዕቀፍ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎችን የሚከተሉ ማኅበራት፣ ከማኅበሩ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወገኖች በሚመለከተው ክፍል ለቁልፍ የሥራ ኃላፊዎች የተከፈለውን ድምር በዓይነት ከፍለው ይገልጻሉ። የእያንዳንዱ ኃላፊ ክፍያ በስም ላይገለጽ ይችላል። የዘንድሮውን ድምር ከአምናው፣ ሁለቱንም ከትርፉ ጋር ማስተያየት ለጥያቄው መነሻ ይሆናል።

ጥያቄው በጉባኤው ላይ፣ ሒሳቡ ከመጽደቁ በፊት ቢቀርብና በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ቢጠየቅ ይመረጣል። በጉባኤው ድምፅ የሚመዘነው በሰው ቁጥር ሳይሆን በአክሲዮን በመሆኑ አነስተኛ ድርሻ ያለው ሰው ብቻውን ውሳኔ ማስለወጥ ይከብደዋል። በመሆኑም ከሌሎች ባለአክሲዮኖች ጋር መመካከር፣ በተለይም በቦርድ ምርጫ ወቅት ድምፅን ማስተባበር ይጠቅማል። በአካል መገኘት የማይችል ባለአክሲዮን ተወካይ መላክ የሚችል ሲሆን፣ ተወካዩ በክፍያ ጉዳይ ምን አቋም እንዲይዝ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያስታውቀው መልካም ነው።